ያዘዘ፣ የባረከ፣ ዝም ያለ፦ ቫቲካንና የፋሽስት ወረራ በማስረጃ ሲመዘኑ

የካቲት 12 በመጣ ቁጥር አብሮት የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ ቫቲካን ኢትዮጵያን ይቅርታ የምትጠይቀው መቼ ነው? ጥያቄው ከባዶ ሜዳ አልተነሣም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በማርች 2017 የሩዋንዳውን ፕሬዚዳንት ፖል ካጋሜን ሲያነጋግሩ፣ በዘር ማጥፋቱ እጃቸውን ስላስገቡ ካህናትና ደናግል የእግዚአብሔርን ምሕረት ለምነዋል። በጁላይ 2022 ካናዳ ድረስ ሄደው፣ የነባር ሕዝቦች ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥለው ስለተሰቃዩባቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች ይቅርታ ጠይቀዋል። በማርች 2023 ደግሞ ቫቲካን፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የወጡ ጳጳሳዊ ደብዳቤዎችን ተገን አድርጎ ለቅኝ ገዢዎች የሰው አገር ሲያድል የኖረውን አስተምህሮ እንደማትቀበለው አስታውቃለች። ኢትዮጵያን በስም ጠርቶ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ስለሆነው የሚናገር ይፋዊ ይቅርታ ግን እስካሁን የለም።

ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ክሱ በአማርኛ የሚጻፍበት መንገድ ብዙ ጊዜ ተከሳሹን ይጠቅማል። «የሮማው ፖፕ ደብረ ሊባኖስን አስጨፈጨፈ» የሚል ዓረፍተ ነገር በየዓመቱ ይደገማል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ለመስጠታቸው የቀረበ ሰነድ የለም። ስለዚህ ቫቲካንን የሚከላከል ሰው ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይመታል፤ እሱ ሲወድቅ እውነተኛው ክስም አብሮ የወደቀ ይመስላል። በሰነድ የተረጋገጠው ነገር ደግሞ ምንም ማጋነን የማያስፈልገው ከባድ ነገር ነው። ችግሩ ያዘዘው፣ የባረከውና ዝም ያለው በአንድ ስም መጠራታቸው ነው። ሦስቱ የፈጸሙት ጥፋት የተለያየ ነው፤ የሚያስፈልገው ማስረጃም፣ የሚጠየቀው አካልም እንዲሁ።

ትእዛዙ ከማን ወጣ?

የደብረ ሊባኖስ ትእዛዝ የወጣው በወቅቱ የጣሊያን እንደራሴ ከነበረው ከሮዶልፎ ግራዚያኒ ነው፤ ሰነዱም የራሱ ቴሌግራም ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ቦምብ ከወረወሩበት በኋላ፣ አዲስ አበባ ላይ ለሦስት ቀን የወረደውን እልቂት ሁሉም ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ አንድ የጦር ዐቃቤ ሕግ ባቀረበው የምርመራ ዘገባ የገዳሙ መነኮሳት ከሴራው ጋር ግንኙነት እንዳላቸው ጻፈ። ግራዚያኒም ግንቦት 11 ቀን ለጄኔራል ፒዬትሮ ማሌቲ መነኮሳቱን ሁሉ ያለ ልዩነት፣ ምክትል አበምኔቱን ጨምሮ፣ እንዲረሽን አዘዘ። ማግስቱ ግንቦት 12፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም የሚከበርበት ቀን ነበር። በዚህ የተነሣ በግቢው የነበሩት የገዳሙ ነዋሪዎች ብቻ አልነበሩም፤ ከሌሎች ገዳማትና አድባራት ለክብረ በዓሉ የመጡ መነኮሳት፣ ካህናትና ምእመናንም ነበሩ።

ግንቦት 13 ቀን፣ ፍቼ አካባቢ ላጋ ወልዴ በተባለው ስፍራ ግድያው ተፈጸመ። ግራዚያኒ ወደ ሮም ያስተላለፈው ዘገባ 297 መነኮሳትና «ተባባሪ» ያላቸው 23 ሰዎች መረሸናቸውን፣ ወጣት ዲያቆናቱ ግን ተርፈው ወደ ደብረ ብርሃን መወሰዳቸውን፣ ገዳሙም ለዘለቄታው መዘጋቱን ይናገራል። ምሕረቱ ሳምንት አልሞላም። ግንቦት 18 ቀን እነዚያው ዲያቆናት ደብረ ብርሃን አቅራቢያ እንገጫ ላይ ተረሸኑ፤ የተዘገበው ቁጥር 129 ነው። 297፣ 23 እና 129 ሲደመሩ 449 ይሆናሉ። በመጻሕፍት የምናገኘው 449 የሚለው ቁጥር የገዳዩ የራሱ ሒሳብ ነው ማለት ነው።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. አንድ ኢትዮጵያዊና አንድ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ስፍራዎቹን አይተው፣ በሕይወት የነበሩ የዐይን ምስክሮችን አነጋግረው ሌላ ግምት አቀረቡ፤ ከ1,423 እስከ 2,033። የልዩነቱ አንዱ ምክንያት እነዚያ የበዓሉ እንግዶች ናቸው። የሚጽፍ ሰው ሁለቱን ቁጥሮች ሳያደባልቅ፣ እያንዳንዱን ከነባለቤቱ ማቅረብ አለበት። 449 ግምት አይደለም፤ ፈጻሚው በፊርማው ያመነው ዝቅተኛ ቁጥር ስለሆነ የትኛውም ችሎት ፊት ይቆማል። ሁለተኛው ጥናት የደረሰበት ግምት ነው፤ ታችና ላይ ወሰን አለው፣ ሁለቱም ወሰኖች መጠቀስ አለባቸው። «ከ2,000 በላይ መነኮሳት» ብሎ መጻፍ የላይኛውን ወሰን መነሻ ማድረግ ነው፤ የተገደሉትን ሁሉ መነኮሳት ማድረግም ምእመናኑንና ዲያቆናቱን ከታሪክ ያስወጣል። ለየካቲት 12ም ጥንቃቄው ያው ነው፤ 30,000 የሚለው የኢትዮጵያ መንግሥት ቁጥር ነው፣ ወደ 19,000 የሚጠጋው የኋላ ጥናት ግምት ነው፣ የጣሊያኖቹ ቁጥር ከሁለቱም እጅግ ያነሰ ነው።

ግድያውን ማን ፈጸመው የሚለው ክፍል ደግሞ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። ማሌቲ ለዚህ ሥራ የመረጠው የሙስሊም አስካሪዎች፣ ማለትም በጣሊያን ሥር የሚዋጉ የቅኝ ግዛት ወታደሮች፣ ሻለቃ ነበር። ክርስቲያን አስካሪዎች መነኮሳት ላይ ለመተኮስ ያመነታሉ ተብሎ የተደረገ ስሌት ነው። ይህን ዝርዝር ነጥሎ «ሙስሊሞች ገዳሙን ፈጁት» ብሎ መጻፍ ፋሽስቱ የፈለገውን መጻፍ ነው፤ ያዘዘው ካቶሊክ ሆኖ የተጠመቀ ጣሊያናዊ ማርሻል፣ ያስፈጸመው ጣሊያናዊ ጄኔራል ነው። ግራዚያኒ እርምጃው ከአቡኑ እስከ መጨረሻው መነኩሴ ድረስ የካህናቱን ሁሉ አንጀት ያራደ መሆኑን በኩራት ጽፏል። ቤተ ክርስቲያኒቱን የመታት አገሪቱን አንድ አድርጋ የያዘች ምሰሶ አድርጎ ስለቆጠራት ነው። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የተረሸኑት፣ ቀጥሎም አቡነ ሚካኤል ጎሬ ላይ የተገደሉት በዚሁ ምክንያት ነው። በ1930 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከእስክንድርያ ጋር የነበረው ግንኙነት ተቆርጦ በጣሊያን ፈቃድ አዲስ መንበር መቋቋሙም የዚያው ዕቅድ ቀጣይ ነው።

ኢትዮጵያ ከጦርነቱ በኋላ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀሎች ኮሚሽን ያቀረበችው የተከሳሾች ዝርዝር አሥር ስሞች አሉት። ከእነዚህም ባዶሊዮ፣ ግራዚያኒ፣ ሌሶና፣ ኮርቴሴ፣ ናሲ፣ ፒርዚዮ ቢሮሊ፣ ጄሎሶ፣ ጋሊናና ትራኪያ ይገኙበታል። አንድም ካህን የለበትም። ከአሥሩ አንዱም በኢትዮጵያ ላይ በሠራው ወንጀል ፍርድ ቤት አልቆመም። ግራዚያኒ እ.ኤ.አ. በ1950 19 ዓመት የተፈረደበት ከናዚ ጀርመን ጋር በመተባበሩ ነው፤ ያንንም በጥቂት ወራት ውስጥ ተፈታ።

ከዓውደ ምሕረቱ የተነገረው

ወደ ቤተ ክርስቲያኒቱ ድርሻ ስንመጣ ማስረጃው ከጦር ሰፈር ይልቅ ከየካቴድራሉ ይገኛል። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 1935 ተጀመረ። ከ25 ቀን በኋላ፣ ኦክቶበር 28፣ ፋሽስቶች ሮምን የያዙበት 13ኛ ዓመት ሲከበር፣ የሚላኖው ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ኢልዴፎንሶ ሹስተር በከተማዋ ታላቅ ካቴድራል ሰበኩ። የጣሊያን ሠራዊት በደሙ ዋጋ የኢትዮጵያን በር ለካቶሊክ እምነትና ለሮማ ሥልጣኔ እየከፈተ ነው፣ የባሪያዎችንም ሰንሰለት እየበጠሰ ነው አሉ። ይህ በሹክሹክታ የተነገረ አይደለም። ከጣሊያን ታላላቅ አህጉረ ስብከት በአንዱ መንበር ላይ የተቀመጡ ካርዲናል፣ ወረራውን ወንጌልን ከማስፋፋት ጋር አንድ አድርገው በአደባባይ ያወጁት ቃል ነው።

ሹስተር ብቻቸውን አልነበሩም። የመንግሥታቱ ማኅበር በኖቬምበር 18 ማዕቀብ ሲጥል፣ ሙሶሊኒ ሕዝቡን ወርቅ ስጡኝ አለ። ዲሴምበር 18 «የእምነት ቀን» ተባለ። ንግሥት ኤሌና ሮም ላይ የጋብቻ ቀለበቷን ሰጠች፤ በየከተማው ሚስቶች ወረፋ ይዘው የወርቅ ቀለበታቸውን አውልቀው የብረት ቀለበት ተቀበሉ። የብረቱን ቀለበት የሚባርኩት ካህናት ነበሩ። ጳጳሳት የአንገት መስቀላቸውንና የወርቅ ሐብላቸውን ሰጡ። ጋብቻ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ነው፤ የምሥጢሩ ምልክት ለጦርነት ገንዘብ ሲሰበሰብ መባረክ ከስብከት ያለፈ ድርጊት ነው። በእኔ ግምት በክሱ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ገጽ ይህ ነው፤ ቃል «ተሳስቼ ተናገርሁ» ይባልበታል፣ ወርቁ ግን ተመዝኖ ገቢ ሆኗል።

ባርነትን ማስወገድ የሚለው ሰበብ ለምን ሠራ? መሠረት ስለነበረው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ባርነት ነበረ። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1923 ወደ መንግሥታቱ ማኅበር ስትገባ ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታለች፣ በ1924 እና በ1931 ዐዋጆች አውጥታለች፣ ሥራው ግን አላለቀም ነበር። ይህን የሚያልፍ ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ የሹስተርን ስብከት ባዶ ውሸት አድርጎ ያቀርባል፤ በዚያም ሚሊዮኖች ለምን እንዳመኑት ማስረዳት ያቅተዋል። ስብከቱ በእውነተኛ በደል ላይ ተንተርሶ የባሰ በደል አጽድቋል፤ ነጻ አውጪ የተባለው ሠራዊት ከዲሴምበር 1935 ጀምሮ የሰናፍጭ ጋዝ ከአውሮፕላን አዝንቧል፣ የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴርም ይህን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው።

ጳጳሳቱ እንዲህ ያለ አቋም የያዙበትን ምክንያት ለማግኘት ስድስት ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1929 የተፈረመው የላተራን ስምምነት ቫቲካንን ነጻ መንግሥት አደረገ፣ የካቶሊክ እምነትን የጣሊያን መንግሥት ሃይማኖት አደረገ፣ 750 ሚሊዮን ሊሬ በጥሬ ገንዘብና 1 ቢሊዮን ሊሬ በቦንድ ካሣ አስገኘ። አብሮ የተፈረመው ኮንኮርዳት (የቤተ ክርስቲያንንና የመንግሥትን ግንኙነት የሚወስን ውል) አንቀጽ 20 ደግሞ ማንኛውም አዲስ ጳጳስ መንበሩን ከመረከቡ በፊት ለጣሊያን መንግሥት ታማኝነቱን በርእሰ መንግሥቱ ፊት እንዲምል ያዛል። ገንዘቡ ለወረራው የተከፈለ ጉቦ አልነበረም፤ እንዲያ የሚጽፉ ሰዎች ዓመታቱን ረስተዋል። የሚያሳየው፣ ከሙሶሊኒ ጋር መጣላት በ1935 ምን ያህል ያስከፍል እንደነበር ነው።

የሹስተር ታሪክ ግን በ1935 አይቆምም፤ ሂሳዊ ታሪክ ከክስ ወረቀት የሚለይበትን ቦታ የሚያሳየውም ይህ ነው። በኖቬምበር 1938 እኒሁ ካርዲናል በዚያው ካቴድራል የዘረኝነትን አስተሳሰብ መናፍቅነት ብለው አወገዙ። ኤፕሪል 25 ቀን 1945 ሙሶሊኒና የተቃውሞው ኮሚቴ ተወካዮች ለመጨረሻ ጊዜ የተነጋገሩት በእሳቸው መንበረ ጵጵስና ነው፤ ከሙሶሊኒ ጋር ከገቡት አንዱ ግራዚያኒ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ብፁዕ ብለው ሰይመዋቸዋል። የ1938ቱ ስብከት የ1935ቱን አይሰርዝም፤ የ1935ቱም የ1938ቱን እንዳልነበረ አያደርገውም። ኢትዮጵያውያን ሊጠይቁት የሚገባው ቀጥተኛ ጥያቄ፣ የብፅዕናው ሂደት የኦክቶበር 28ን ስብከት እንዴት መዝኖ አለፈ የሚለው ነው።

ዝምታ እንዴት ይከሰሳል?

ከሦስቱ ለማስረዳት የሚያስቸግረው ዝምታ ነው። አንድን ሰው ዝም አለ ብሎ ለመክሰስ ሦስት ነገር ማሳየት ያስፈልጋል፤ ማወቁን፣ መናገር መቻሉን፣ በሌላ ተመሳሳይ ጉዳይ ላይ መናገሩን። የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ጉዳይ በሦስቱም መለኪያ ሲታይ የተደባለቀ ነው።

ኦገስት 27 ቀን 1935፣ ጦርነቱ ከመጀመሩ አምስት ሳምንት በፊት፣ ለካቶሊክ ነርሶች ባደረጉት ንግግር፣ ለወረራ ብቻ የሚደረግ ጦርነት ፍትሐዊ ያልሆነ ጦርነት እንደሚሆን ተናገሩ። በቫቲካኑ ጋዜጣ በኦሴርቫቶሬ ሮማኖ የታተመው ግን የለዘበ፣ ለጣሊያን የመስፋፋት ፍላጎት መሹለኪያ የተወ ጽሑፍ ነበር። ስለዚህ ይህን ንግግር የሚጠቅስ ሰው የትኛውን እንደሚጠቅስ መናገር አለበት። ቫቲካንን የሚከላከለው የተነገረውን ይጠቅሳል፣ የሚከሰው የታተመውን፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ራሱ ዋናው ማስረጃ ነው፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ያሰቡትና ጽሕፈት ቤታቸው ዓለም እንዲሰማ የፈቀደው አንድ እንዳልነበረ ያሳያል።

በውስጥ ምን ይባል እንደነበርም ሰነዱ አለ። የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ የቅርብ ሹም የነበሩት ሞንሲኞር ዶሜኒኮ ታርዲኒ በ1935 መጨረሻ በጻፉት ማስታወሻ፣ ረጋ ብሎ መቀመጥ ይገባው የነበረው ካህን ሁሉ ስሜቱ ገንፍሎ ጦርነት አቀጣጣይ መሆኑን በምሬት አስፍረዋል። ማወቃቸው በዚህ ተረጋገጠ። ነገር ግን ምሬቱ ከማስታወሻ ደብተር ወጥቶ ሹስተርንና ባልደረቦቻቸውን በአደባባይ የሚገሥጽ ቃል አልሆነም። አዲስ አበባ በተያዘች በሳምንቱ፣ ሜይ 12 ቀን 1936፣ ፒዮስ 11ኛ የካቶሊክ ጋዜጦችን ዐውደ ርእይ ሲከፍቱ ስለ ታላቅና ደግ ሕዝብ የድል ደስታ ተናገሩ። ከዚህ ቀን በኋላ «ገለልተኛ ነበሩ» የሚለው መከላከያ ይዳከማል። መናገር ይችሉ እንደነበር ደግሞ በቀጣዩ ዓመት አሳይተዋል፤ በማርች 1937 የናዚን አስተሳሰብ የሚነቅፍ መልእክታቸው በጀርመን አብያተ ክርስቲያናት በጀርመንኛ ተነብቧል። ደብረ ሊባኖስ የሆነው ከዚያ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ስለ ገዳሙ በአደባባይ የወጣ ጳጳሳዊ ውግዘት የለም።

ደብረ ሊባኖስን በተመለከተ ክሱ ገና ያልተሟላው ማወቃቸው ላይ ነው፤ የሚሟላውም በሰነድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 በወረራው አስተዳደር ሥር ለኢትዮጵያ የተሾሙት ጳጳሳዊ ልዑክ ጆቫኒ ካስቴላኒ ወደ ሮም ያስተላለፏቸው ዘገባዎች ቀን በቀን መመርመር አለባቸው። የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ መዝገብ፣ የመንግሥት ጽሕፈት ቤቱ የውጭ ጉዳይ ክፍል መዝገብ፣ በጣሊያን በኩል በሮም ማዕከላዊ ቤተ መዛግብት ያለው የግራዚያኒ ክምችት ጎን ለጎን ሲነበቡ ነው ማን መቼ ምን እንዳወቀ የሚታወቀው። የፒዮስ 11ኛ ዘመን ሰነዶች ከሴፕቴምበር 2006 ጀምሮ ለተመራማሪ ክፍት ናቸው። የቡራኬውን ድርሻ የሚያጠና ሰው ግን ቫቲካን ድረስ መሄድ አይኖርበትም፤ እያንዳንዱ ሀገረ ስብከት ያሳትመው በነበረው መጽሔት ውስጥ ጳጳሱ ለምእመናኑ የጻፈው መልእክት ከነቀኑ ታትሞ ተቀምጧል።

በሌላ ወገን ያሉት

ካቶሊክ ሁሉ ሹስተር አልነበረም። የእንግሊዙ የዌስትሚንስተር ሊቀ ጳጳስ አርተር ሂንስሊ ጦርነቱ በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ወረራውን ተቃውመው ሰብከዋል፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱን ግን ጥቂት ዘበኛ ያለው ረዳት የሌለው ሽማግሌ ብለው ሊከላከሏቸው ሞክረዋል፤ ይህም በራሱ ብዙ አነጋግሯል። የሐረሩ ጳጳስ ፈረንሳዊው አባ እንድርያስ ዣሮሶ፣ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ የልጅነት መምህር፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ያገለገሉባትን አገር በጣሊያኖቹ ዘመን ለቀው እንዲወጡ ተደርገዋል። የዛሬው ኢትዮጵያዊ ካቶሊክም በዚህ ጉዳይ ተከሳሽ አይደለም፤ አያቶቹም ከወረራው በፊት ካቶሊክ የነበሩ፣ አብረው የተወረሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው።

ሂሳዊ ታሪክ መለኪያውን ለሌላው ብቻ ከሠራ ዋጋ አይኖረውም። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ማግስት የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ተገደዋል፤ መሪዎቻቸው መሐመድ ዓሊና አመዴ ሊበን ሚካኤልና ኃይለ ማርያም ተብለው ክርስትና ተነሡ፣ እምቢ ያለው ተሰደደ ወይም ተዋጋ። ይህ በመስቀል ስም የተደረገ በደል ነው። ማሌቲ ሙስሊም አስካሪ መርጦ ወደ ገዳም ሲልክ፣ ፋሽስቱ መስጊድ እየሠራ ራሱን የእስልምና ጠባቂ ሲያደርግ፣ የነካው ይህንኑ ያልተወራረደ ቁስል ነበር። ቦሩ ሜዳን የሚደብቅ ጸሐፊ የደብረ ሊባኖስን አፈጻጸም በሙሉ ማስረዳት አይችልም።

ከዚያም በፊት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት የአባ እስጢፋኖስ ተከታይ መነኮሳት በመስቀልና በሥዕል ስግደት ባለመስማማታቸው፣ ለንጉሡም ከእግዚአብሔር ጋር የሚመሳሰል ስግደት ባለመስጠታቸው፣ ተገርፈዋል፣ ምላስና አፍንጫቸው ተቆርጧል፣ ተወግረዋል። አሳዳጁም ተሳዳጁም ራሱን ኦርቶዶክስ የሚል የአንድ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነበር። በ1614 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ የሮምን እምነት በይፋ ሲቀበል፣ በኋላም ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ምእመናን ዳግም እንዲጠመቁ፣ ካህናትም ዳግም እንዲካኑ ሲያስገድድ የፈሰሰው ደም፣ ንጉሡ በ1624 ዓ.ም. ሃይማኖቱን እስኪመልስ ድረስ አልቆመም። ሹስተር ለሮማ እምነት የሚከፈት በር ሲሉ ኢትዮጵያዊ ካህን የሚሰማው ይህ ነው፤ ለሚላኖ ሰው አዲስ ዜና የሆነው ነገር ለእሱ የሦስት መቶ ዓመት ትዝታ ነበር።

በጽሑፍ ላይ የሚደጋገሙ ስሕተቶች

ሁለቱ መስተካከል አለባቸው። የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። የላተራን ስምምነት የተፈረመው በ1929 ነው፤ ደብረ ሊባኖስም የተፈጸመው በ1929 ነው፤ አንዱ በእነሱ፣ ሌላው በእኛ። «እ.ኤ.አ.» እና «ዓ.ም.» ሳይጻፍ ሲቀር ስምምነቱና ግድያው በአንድ ዓመት የሆኑ ይመስላሉ፤ ከዚያ «በስምምነቱ መሠረት ተገደሉ» ወደሚል ተረት ለመድረስ አንድ እርምጃ ነው። የጣሊያን ሰነዶች ደግሞ ከቀኑ ጎን በሮማውያን ቁጥር የፋሽስት ዘመን ዓመት ይጨምራሉ፤ ሜይ 1937 አሥራ አምስተኛው ዓመት ነው። ሁለተኛው የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ስም ነው። «ፒዮስ 12ኛ ኢትዮጵያን የሚወጋውን ጦር ሲባርኩ» የሚል መግለጫ የተለጠፈበት ፎቶግራፍ ካያችሁ መግለጫው ስሕተት ነው፤ ፒዮስ 12ኛ የተመረጡት በማርች 1939 ነው። በወረራው ጊዜ ግን ካርዲናል ፓቼሊ ተብለው የቫቲካን መንግሥት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነበሩና፣ በዚያ ሥልጣናቸው የፈረሙት ደብዳቤ ከተሳሳተ ፎቶግራፍ እጅግ ይበልጣል።

ደብዳቤው ለማን ይጻፍ?

ያለፉት ይቅርታዎች አጻጻፍ ምን ዓይነት ጥያቄ ምን ዓይነት መልስ እንደሚያመጣ ያሳያል። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ማርች 12 ቀን 2000 በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በሰላምና በሕዝቦች መብት ላይ ለተሠራ ኃጢአት ጭምር ይቅርታ ሲለምኑ አንድም አገር አልጠሩም። የጥቅል ጥያቄ የጥቅል ጸሎት ያመጣል። በካናዳ ፍራንሲስ መጀመሪያ ይቅርታ የጠየቁት «ብዙ ክርስቲያኖች» ስለሠሩት ክፉ ሥራ ነበር፤ ከነባሮቹ ሕዝቦች ወገን ተቋሙስ የት አለ የሚል ቅሬታ ተነሣ፤ ከሁለት ቀን በኋላ በኩቤክ የአካባቢው የካቶሊክ ተቋማትን ድርሻ ጠቅሰው ተናገሩ። ግለሰቦችን በመውቀስና ተቋሙን በመውቀስ መካከል ያለው ርቀት በእያንዳንዱ ድርድር ላይ ዋናው መፋለሚያ ነው።

ለኢትዮጵያ ጉዳይ ከሁሉ የሚቀርበው ግን ብዙም የማይጠቀስ ነው። የፈረንሳይ ጳጳሳት ሴፕቴምበር 30 ቀን 1997 በድራንሲ፣ አይሁዶች ወደ ሞት ካምፖች ይጫኑበት በነበረው ስፍራ ተገኝተው፣ ከናዚዎች ጋር የተባበረው የፈረንሳይ የቪሺ መንግሥት በአይሁዶች ላይ ሕግ ሲያወጣ የቀደሙት ጳጳሳት ዝም ማለታቸው ጥፋት እንደነበር አምነዋል። ቦታ አለው፣ ዘመን አለው፣ ጥፋቱ በስሙ ተጠርቷል። ያደረጉትም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ሳይሆኑ የዚያው አገር ጳጳሳት ናቸው።

ስለዚህ ከኢትዮጵያ የሚወጣ ጥያቄ አንድ ደብዳቤ መሆን የለበትም። ስለ ትእዛዙ የሚጠየቀው የጣሊያን መንግሥት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1947ቱ የሰላም ውል 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ሲወሰንበት፣ በኋላም ከካሣው የቆቃ ግድብ ሲሠራ፣ ስለ ደብረ ሊባኖስ በስም የተባለ ነገር አልነበረም። ስለ ቡራኬው የሚጠየቁት የጣሊያን ጳጳሳት ናቸው። የጳጳሳት ጉባኤያቸው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1952 ስለሆነ በ1935 እንደ አካል አልነበረም፤ በመሆኑም ደብዳቤው ሚላኖን ጨምሮ እያንዳንዱን ሀገረ ስብከት ከነስብከቱ ቀን መጥራት ይኖርበታል። በሩ ዝግ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የጉባኤው ንብረት የሆነው የቴሌቪዥን ጣቢያ ስለ ደብረ ሊባኖስ ጭፍጨፋ ዘጋቢ ፊልም ሠርቶ ለጣሊያን ሕዝብ አሳይቷል። ስለ ዝምታውና ስለ ሜይ 12ቱ ንግግር የምትጠየቀው ደግሞ ቅድስት መንበር ናት፤ ከይቅርታው አስቀድሞም የካስቴላኒ ዘገባዎች በሙሉ ታትመው እንዲወጡ መጠየቅ ይቻላል፤ ይህ ምንም ሃይማኖታዊ ክርክር የማይነሣበት ጥያቄ ነው።

በአገር ቤት የሚሠራውም ቀላል አይደለም። የሟቾቹ ሙሉ የስም ዝርዝር እስካሁን የለም። የገዳሙ ነዋሪዎች ስም ከገዳሙ ሰዎች ተሰብስቦ ሊሟላ ይችላል፤ ለግንቦት 12 መጥተው የቀሩት ግን የተላኩባቸው ገዳማትና አድባራት፣ የወጡባቸው ቤተሰቦች ናቸው የሚያውቋቸው። ሥራው በየደብሩ የሙታን መታሰቢያ መዝገብ ማገላበጥን፣ በ1929 ዓ.ም. ለበዓል ወጥቶ ያልተመለሰ አባት ወይም ዲያቆን ያለበትን ቤተሰብ መጠየቅን፣ የሰውየውን ስም፣ የክርስትና ስም፣ የመጣበትን ደብርና የነገረውን ሰው በአንድ ቅጽ ላይ ማስፈርን ይጠይቃል። በ1,423 እና በ449 መካከል ያለው ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ ሰው በስም ሊገኝ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።